የዓረብ አገር መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሄዱ ምን ይለበሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሳዑዲ፣ በኤምሬትስ፣ በኩዌትና በኳታር ለሚኖር ወገን ለኢቃማ (ለመኖሪያ ፈቃድ)፣ ለጤና ምርመራ፣ ለአሻራ ወይም ለክስ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መሄድ ቀላል ጉዞ አይደለም። ከሥራ ፈቃድ ይለመናል፣ ታክሲ ይከፈላል፣ አንዳንዴም አሠሪው (ከፊል የሚባለው) ወይም ማዳሟ አብረው ይሄዳሉ። በልብሱ ምክንያት ከበር የተመለሰ ሰው ቀጠሮው ያልፍበታል። ቀኑ ሐሙስ ከሆነ ደግሞ በሳዑዲ፣ በኩዌትና በኳታር መሥሪያ ቤቱ ዳግመኛ የሚከፈተው እሑድ ነው። ከታች ያሉት መልሶች ይህ እንዳይደርስብዎት የተዘጋጁ ናቸው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ራጅ ሊነሡ፣ ደም ሊሰጡ፣ ፎቶ ሊነሡና አሻራ ሊሰጡ ስለሚችሉ ልብሱ ጨዋ ከመሆኑ በተጨማሪ ለእነዚህ ሥራዎችም መመቸት አለበት።

አራቱም አገሮች አንድ ዓይነት የአለባበስ ሕግ አላቸው?

የላቸውም። ቅጣቱን በገንዘብ ተምኖ በዝርዝር ያወጣው የሳዑዲ የአደባባይ ሥነ ምግባር ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 መጨረሻ ሥራ ላይ ሲውል 19 ጥፋቶችን ዘርዝሮ ነበር። ከእነዚህ መካከል ገላን የሚያጋልጥ ልብስ መልበስ፣ በውስጥ ልብስ ወይም በሌሊት ልብስ አደባባይ መታየት፣ ጸያፍ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ያለበት ልብስ መልበስ ይገኛሉ። በ2022 ደግሞ በቁምጣ መስጊድ ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት መግባት ተጨመረ፤ ቅጣቱ ከ250 እስከ 500 ሪያል ነው።

በኤምሬትስ፣ በኩዌትና በኳታር የሚያጋጥምዎት አብዛኛውን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ በሥዕል የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። ቁምጣ፣ እጅጌ የሌለው ልብስ፣ አጭር ቀሚስና ስሊፐር በቀይ መስመር ተሰርዘው ይታያሉ። ማስታወቂያው ባይኖርም የሚፈቅደውና የሚከለክለው በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ነው፤ እሱ ጋር ተከራክሮ የገባ ሰው ብዙ አይደለም። ስለዚህ ልብስዎን የሚመርጡት በዚያ ቀን ከሚሄዱባቸው ቦታዎች ሁሉ ጥብቅ የሆነውን አስበው ይሁን። ጠዋት ጤና ጣቢያ፣ ከሰዓት ፍርድ ቤት ካለብዎት ለፍርድ ቤቱ ይልበሱ።

ሳዑዲ ውስጥ ለውጭ አገር ሴት አባያ ግዴታ ነው?

በሕግ ግዴታ አይደለም። አልጋ ወራሹ መሐመድ ቢን ሰልማን እ.ኤ.አ. በማርች 2018 በሰጡት ቃለ መጠይቅ ሕጉ የሚጠይቀው ጨዋና የተከበረ አለባበስን እንደሆነና አባያ ብሎ ለይቶ እንደማያዝ ተናግረዋል። ቀድመው የሄዱ እህቶች ስለ ሃይማኖት ፖሊሶች የሚያወሩትም ያለፈ ዘመን ወሬ ሆኗል፤ እነሱ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ሰው የማሳደድም ሆነ የማሰር ሥልጣን የላቸውም።

እንደዚያም ሆኖ ወደ ጀዋዛት (የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት)፣ ወደ ሥራ ቢሮ ወይም ወደ ፍርድ ቤት የምትሄድ እህት አባያ ብትለብስ እንመክራለን። በአባያ የገባችን ሴት ማንም ቆም ብሎ አይመረምራትም፤ በሱሪና በረጅም ሸሚዝ የገባችው ግን እንደ ከተማው፣ እንደ ጥበቃው፣ እንደ ሸሚዙ ርዝመት ልትጠየቅ ትችላለች። ጅዳ ውስጥ ያለ ችግር የሚያልፍ ልብስ ትንሽ ከተማ ላይ ዓይን ይበዛበታል። ቀለሙ ጥቁር መሆን የለበትም፤ ግራጫ፣ ቡኒ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሁሉም ይለበሳል።

አባያ ካልሆነ ለሴት ምን ዓይነት ልብስ ያስገባል?

ሦስት ነገር ያሟላ ልብስ ያስገባል፦ ርዝመቱ የበቃ፣ የማያሳይ፣ የማያጣብቅ። በኤምሬትስና በኳታር ትንሹ መለኪያ ትከሻና ጉልበት መሸፈኑ ነው። ሆኖም ቆመው የሸፈነ ቀሚስ ሲቀመጡ ወደ ላይ ይሸሻል፤ በመሥሪያ ቤት ደግሞ ሰዓታት ተቀምጠው ነው የሚጠብቁት። ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጉርድ ወይም ሰፊ ሱሪ፣ ክንድን የሚሸፍን እጅጌና አንገቱ ያልሰፋ ሸሚዝ በአራቱም አገሮች ያስገባዎታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ታይት ላይ ነው። ታይት ለብሶ እስከ ወገብ የሚደርስ ቲሸርት መደረብ እንደ ሱሪ አይቆጠርም። ከታይቱ በላይ ቢያንስ ጉልበት የሚደርስ ሰፋ ያለ ቱኒክ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ስህተት የጨርቁ መሳሳት ነው። ቤት ውስጥ በመብራት ያላሳየ ጨርቅ ደጅ በዚያ ፀሐይ ያሳያል። ከመውጣትዎ በፊት መስኮት አጠገብ ቆመው፣ ብርሃኑን ከጀርባዎ አድርገው ለሌላ ሰው ያሳዩ።

ጂንስ ሱሪ ራሱ ክልክል አይደለም። ጉልበቱና ጭኑ ላይ የተቀደደው ግን ይመልስዎታል።

ሙስሊም ካልሆንኩ ፀጉሬን መሸፈን አለብኝ?

የለብዎትም፤ በአራቱም አገሮች የውጭ አገር ሴት ፀጉሯን ሳትሸፍን መሥሪያ ቤት ትገባለች። ግን ሁልጊዜ አንድ ሻርፕ ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር። በሳዑዲ ፍርድ ቤትና በትናንሽ ከተሞች ሸፈን አድርጊ የሚል ሠራተኛ ሊያጋጥም ይችላል፤ ያኔ ሻርፑን አውጥቶ ጣል ማድረግ ጉዳዩን በደቂቃ ይዘጋዋል። ከዚያ በተረፈ አንገቱ ሰፋ ያለ ሸሚዝ ለብሰው ከሆነ ደረትን ይሸፍናል፣ አየር ማቀዝቀዣው ሲበረታም ትከሻ ላይ ይደረባል። የመሥሪያ ቤቶቹ ቅዝቃዜ ቀላል አይደለም።

የሀበሻ ቀሚስ ለብሼ ብሄድስ?

ርዝመቱና እጅጌው የበቃ ስለሆነ ይፈቀዳል። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ሸማው ሳሳ ያለ ከሆነ ከውስጥ ሙሉ የውስጥ ቀሚስ ይልበሱ። ፎቶ የሚነሡበት ቀን ከሆነ ግን ነጭ ቀሚስና ነጠላውን ይተዉት፤ ምክንያቱን ፎቶ በሚለው ጥያቄ ሥር ያገኙታል።

ወንድ ምን ይልበስ?

ረጅም ሱሪ፣ እጅጌ ያለው ሸሚዝ ወይም ኮሌታ ያለው ቲሸርት፣ ከኋላ የተያዘ ጫማ። ይህ ለሁሉም በቂ ነው። ኮትና ከረባት አያስፈልግም።

የሚያስመልሱት እነዚህ ናቸው፦ ከጉልበት በታች የሚደርሰው ረጅም ቁምጣ ጭምር ማንኛውም ቁምጣ፣ ፓካውት፣ የስፖርት ቱታ፣ የመታጠቢያ ቤት ስሊፐር፣ የሰው ገላ ወይም ስድብ የታተመበት ቲሸርት። የወታደር ዝንጉርጉር ልብስም አይልበሱ። መርካቶ እንደ ተራ ልብስ የሚሸጠው ሱሪ በእነዚህ አገሮች የጸጥታ ሠራተኛን ጥያቄ ያመጣል፤ መልሱን በዓረብኛ ማስረዳት ካልቻሉ ቀኑ እዚያው ያልቃል።

ጀለቢያ መልበስ ለውጭ አገር ሰው አልተከለከለም። የቆዳ ነጠላ ጫማ ከጀለቢያ ጋር የአገሬው ልብስ ስለሆነ ችግር የለውም፤ ያው ነጠላ ጫማ ከሱሪ ጋር ሲሆን ግን እንደ ቤት ጫማ ሊታይብዎት ስለሚችል ሽፍን ጫማ ይሻላል። ቤት ውስጥ የሚለበሰውን ስስ ጀለቢያ ደግሞ ከመውጫው ለይተው ይወቁ። የመኝታ ልብስ መስሎ ከታየ በሳዑዲው ደንብ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ከሥራ ቦታ በቀጥታ በሥራ ልብስ ብሄድ ይመልሱኛል?

የሕንፃ ሠራተኛ ቱታ ለብሶ ሥራ ቢሮ መግባቱ የተለመደ ነው። የሚያስቸግረው ሲሚንቶና ግሪዝ የነካው ልብስ ነው፤ ወንበርም ሰነድም ያቆሽሻል፣ ፎቶም ላይ ይወጣል። በከረጢት አንድ ንጹሕ ሸሚዝ ይዘው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይቀይሩ።

የቤት ሠራተኛ እህቶች ብዙ ጊዜ የሚወሰዱት በቤት ውስጥ ዩኒፎርም ነው። ዩኒፎርም ያስገባል፤ እጅጌው አጭር ከሆነ ግን ከላይ አባያ ጣል ይደረግበታል። የራስዎ ልብስ እንዲያስለብሱዎት መጠየቅ መብትም ነው፣ ነውርም የለውም። ለፎቶ ከሆነ ደግሞ አጥብቀው ይጠይቁ፤ የሳዑዲ ኢቃማ ካርድ ለ5 ዓመት ስለሚያገለግል በዚያ ቀን የተነሡት ፎቶ ባንክም ሆነ ፖሊስ ዘንድ የሚታየው የእርስዎ መልክ ነው።

ለጤና ምርመራ ስሄድ ምን ልልበስ?

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ይኼ ነው። ለመኖሪያ ፈቃድ የሚደረገው ምርመራ የደረት ራጅና የደም ምርመራ አለው። አዲስ አበባ ላይ፣ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች በተፈቀዱት የጤና ተቋማት ከጉዞ በፊት የሚደረገውም እንዲሁ ነው። ራጁ በዋናነት የሚፈልገው የሳንባ ነቀርሳን ሲሆን፣ ይህ በሽታ ምልክቱን አብዝቶ የሚያሳየው በሳንባ የላይኛው ጫፍ፣ ከአንገት ሥር ባለው ቦታ ነው። ፀጉርና ልብስ ጥላ የሚጥሉትም እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ከፀጉር እንጀምር። ሹሩባ ወይም የተቀጠለ ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎ ትከሻና ደረት ላይ ሲወርድ ራጁ ላይ ይታያል። ጥላው ከሳንባው ጫፍ ጋር ከተደራረበ ጠባሳ ወይም ቁስል ሊመስል ይችላል። ጥንቁቅ የራጅ ባለሙያ «ፀጉርሽን ወደ ላይ ሰብስቢ» ይላል፤ ሰልፉ በበዛበት ቀን ግን ሳይታይ ያልፋል። ጥርጣሬ ከተጻፈ በኋላ የሚከተለው ድጋሚ ራጅና የአክታ ምርመራ ነው፤ አክታው በላቦራቶሪ እስኪያድግ ሳምንታት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የመኖሪያ ፈቃዱ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ወደ ራጅ ክፍሉ ከመግባትዎ በፊት ሹሩባውን አናትዎ ላይ ጠቅልለው በጨርቅ ማሰሪያ ይሰሩት። ጫፉ ላይ ጨሌ ወይም ብረት ካለ ከቤት ያውጡት።

ወደ ልብሱ ስንመጣ፣ ላይና ታቹ የተለያየ አለባበስ ይሻላል፤ ከላይ ቲሸርት፣ ከታች ጉርድ ወይም ሱሪ። ወጥ ቀሚስ ለብሰው ከሄዱ ለራጁ ሙሉ በሙሉ ማውለቅ ይኖርብዎታል። ቲሸርቱ ጥጥ፣ ምንም ያልታተመበት ይሁን፤ ወፍራም የጎማ ህትመት ራጅ ላይ ይወጣል። ጡት ማስያዣው ሽቦ፣ የብረት ቀለበትና መንጠቆ ስላለው ያወልቁታል፤ ይህን አውቀው ጨለም ያለና ወፈር ያለ ቲሸርት ቢለብሱ አያፍሩም። መርፌ ቁልፍ፣ የብረት ዚፕ፣ የሚያብረቀርቅ ፈርጥ የተለጠፈበት አባያ፣ የአንገት ሐብል ሁሉም ይቀራሉ። አባያው ፊት ለፊት የሚከፈት ከሆነ በአንድ እጅ ያወልቁታል።

ደም የሚቀዳው ከክንድ መታጠፊያ ስለሆነ እጅጌው ከክርን በላይ መጠቅለል መቻል አለበት። የእጅ አንጓ ላይ በላስቲክ የሚጠብቅ አባያ ለዚህ አይመችም። ከውስጥ አጭር እጅጌ፣ ከላይ ሰፊ እጅጌ ያለው አባያ ጥሩ ነው።

እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ራጁ ከመነሣቱ በፊት ለባለሙያዋ ይናገሩ። ጨረሩ ለጽንስ አይመከርም።

ማተቤንና መስቀሌን ማውለቅ አለብኝ?

ከራጅ ክፍል ውጭ ማንም አውልቁ ሊልዎት አይገባም። በሳዑዲ ከእስልምና ውጭ ያለ አምልኮ በአደባባይ ስለማይፈቀድ መስቀሉን ልብስ ውስጥ ማስገባት ጥበብ ነው። ኤምሬትስ፣ ኩዌትና ኳታር ውስጥ በይፋ የታወቁ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ እዚያም ቢሆን መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሸሚዝ በታች ቢሆን ያለ ጥያቄ ይታለፋል።

በራጁ ክፍል መስቀሉ ብረት ከሆነ መነሣቱ ግድ ነው። ማተብን መቁረጥ ለማይፈልግ ምእመን መፍትሔው ቀደም ብሎ በልኩ ማሰር ነው። ክሩ በጭንቅላት ማለፍ የሚችል ርዝመት ካለው ሳይቆረጥ ወጥቶ ይመለሳል። አንገት ላይ ጥብቅ ብሎ የታሰረ ክር ግን መቀስ እንዲመጣ ያደርጋል። ከጉዞ በፊት አስረዝመው ያሰሩት፣ መስቀሉንም ለብቻው እንዲወጣ አድርገው ያንጠልጥሉት።

ግንባር ወይም አንገት ላይ የመስቀል ንቅሳት ያላቸው እናቶችና እህቶች በሜካፕ ለመሸፈን አይሞክሩ። ፎቶው ላይ የሌለ ንቅሳት ኤርፖርት ላይ ሲታይ ፊትዎ ከካርዱ ጋር አልተመሳሰለም የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

ለመታወቂያ ፎቶ የትኛው ቀለም ይሻላል?

የፎቶው መደብ ብዙውን ጊዜ ነጭ ነው። ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ሻሽ ወይም ነጭ ሸሚዝ ከመደቡ ጋር ይቀላቀልና የትከሻዎ መስመር ይጠፋል፤ ሲስተሙ ወይም ሠራተኛው ይመልሰዋል። እንደ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ ያለ መካከለኛ ቀለም ይምረጡ። ጥቁር ሻሽ ይፈቀዳል፤ ጠየም ያለ ፊት ላይ ሲሆን ግን ካሜራው በነጩ መደብ ተታሎ ፊቱን ያጨልመዋል። ጥቁር ብቻ ካለዎት ፎቶ አንሺው ፊትዎ ላይ መብራት እንዲጨምር ይጠይቁት።

ሻሽ የሚያደርጉ ሰዎች ከአገጭ እስከ ግንባር፣ በሁለቱም ጉንጭ በኩል ፊታቸው ሙሉ ሆኖ መታየት አለበት። ወደ ፊት የተገፋ ሻሽ ዓይን ላይ ጥላ ስለሚጥል ከግንባር ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡት። ኮፍያና ጥቁር መነጽር አይፈቀድም። የዓይን መነጽርም ቢሆን ነጸብራቅ ስለሚያመጣ ቢያወልቁት ይሻላል። ዊግ ለማድረግ ካሰቡ በየቀኑ ካላደረጉት አያድርጉት።

አሁን ብዙው ጉዳይ በስልክ ያልቃል፤ በሳዑዲ አብሸር፣ በኩዌት ሳህል፣ በኳታር መትራሽ የሚባል የመንግሥት የስልክ መተግበሪያ አለ። ፎቶ በስልክ ሲላክም ደንቡ ያው ነው።

አሻራ ስሰጥ እጄ አልነበብ ይላል። ከልብስ ጋር ይገናኛል?

ከእጅ ዝግጅት ጋር ይገናኛል። ረጅም አርቴፊሻል ጥፍር ጣቱ መስተዋቱ ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዳያርፍ ያደርጋል። የጣት ጫፍ ላይ የተቀባ ሂና ወይም እንሶስላም አንዳንድ ማሽኖችን ያሳስታል፤ ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሳምንታት የጣትዎን ሆድ አይቀቡ።

ለቤት ሠራተኞች ትልቁ ምክንያት በረኪና ነው። በየቀኑ የሚነካው በረኪናና የወለል ማጽጃ የጣትን መስመር ይበላዋል፣ ቆዳውንም ያደርቀዋል። ከቀጠሮው በፊት ላሉት ቀናት የጎማ ጓንት ያድርጉ፣ ማታ ማታ ቫዝሊን ይቀቡ። በዕለቱ ግን ምንም አይቀቡ፤ ቅባት ያለው ጣትም አይነበብም። የአባያው እጅጌ መዳፍን የሚሸፍን ከሆነ ወደ ላይ ጠቅልለው ይቅረቡ። ሳዑዲ ውስጥ አሻራ ከ6 ዓመት፣ ኤምሬትስ ውስጥ ከ15 ዓመት ጀምሮ ይወሰዳል።

ኒቃብ የምለብስ ከሆነ ፊቴን ማሳየት አለብኝ?

ማንነት በሚረጋገጥበት ቦታ ሁሉ አዎ። ለሴት ሠራተኛ ማሳየት እንደሚፈልጉ መናገር ይችላሉ፤ በሳዑዲና በኩዌት ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሴቶች ክፍል ወይም የሴቶች መስኮት ስላለ ጥያቄው የተለመደ ነው።

በረመዳን የሚለወጥ ነገር አለ?

ሕጉ አይለወጥም፤ የሰው ትዕግሥት ግን ያንሳል። በሌላ ወር በዝምታ የሚታለፍ አጭር እጅጌ በረመዳን አስተያየት ያመጣል። ሰዓቱም ያጥራል። በኤምሬትስ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ተኩል፣ ዓርብ እስከ እኩለ ቀን ይሠራሉ። ልብስ ለመቀየር ቤት ደርሶ መመለስ በዚያ ሰዓት ውስጥ አይቻልም።

ልጆችስ?

ሕፃናት ላይ ማንም አይጨክንም። ቁመቱ የዘለቀ ልጅ ግን ረጅም ሱሪ ይልበስ፤ ጥበቃው ዕድሜ አይጠይቅም፣ የሚያየው ቁምጣውን ነው።

ለፍርድ ቤት የተለየ ልብስ ያስፈልጋል?

አዎ፣ ከሌላው መሥሪያ ቤት አንድ ደረጃ ጠበቅ ይላል። ሴት በአባያ ወይም በረጅም ሰፊ ልብስ፣ ሻርፕ ይዛ ትቅረብ። ወንድ በሸሚዝና በሱሪ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ አስገብቶ ይግባ። ፍተሻ ስላለ ቀበቶና ብዙ ብረት ያለው ጫማ ሰልፉን ያዘገይብዎታል።

የደመወዝ ክስ ያላቸው ወገኖች ሳዑዲ ውስጥ የሚቀርቡት ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ወዳሉት የሠራተኛ ፍርድ ቤቶች ነው። ከኮሮና ወዲህ ብዙው ችሎት ናጂዝ በሚባለው የፍትሕ ሚኒስቴር የኢንተርኔት መድረክ በቪዲዮ ይካሄዳል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፤ አልጋ ላይ ተቀምጦ በፓካውት ካሜራ ይከፍታል። ችሎት ችሎት ነው። ሸሚዝ ይልበሱ፣ ግድግዳ ፊት ይቀመጡ፣ ስልኩን ከዓይንዎ ትይዩ አድርገው በመጽሐፍ ወይም በዕቃ ያስደግፉት። ከወገብ በታችም በሥርዓት ይልበሱ፤ ሰነድ ለማምጣት መነሣት ይመጣል።

ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ምን ልጠንቀቅ?

ሴቶች ሳዑዲ ውስጥ መንዳት ከጀመሩበት ከጁን 24 ቀን 2018 ወዲህ ብዙ እህቶች ለፈተና ይቀርባሉ። የአባያው ጫፍ ፔዳል ሥር እንዳይገባ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቆም ይሁን፣ ከተቀመጡ በኋላም ጉልበት ላይ ሰብሰብ ያድርጉት። ስሊፐርና ተረከዘ ረጅም ጫማ ፍሬን ላይ ይንሸራተታል። ከኋላ የተያዘ፣ ሶሉ ስስ የሆነ ጫማ ያድርጉ።

በር ላይ ቢመልሱኝ ምን ላድርግ?

አይከራከሩ፣ ድምፅ አይጨምሩ። መጀመሪያ ምኑ እንዳልተፈቀደ በምልክትም ቢሆን ይጠይቁ፤ አንዳንዴ የጎደለው ሻርፕ ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚዋስ አባያ እንዳለ ይጠይቁ፤ ለዚህ ሲባል የሚያስቀምጡ ቦታዎች አሉ። ቀጠሮ ካለዎት ወረቀቱን ወይም የስልክ መልእክቱን ለጥበቃው አሳይተው በስንት ሰዓት ብመለስ ታስገባኛለህ ይበሉት፤ ያኔ ፊትዎን ያስታውሰዋል።

ገዝቶ መመለስ ካስፈለገ ሪያድ ውስጥ ባጥሃ፣ ዱባይ ውስጥ ዴይራ፣ ኩዌት ውስጥ ሙባረኪያ፣ ዶሃ ውስጥ ሱቅ ዋቂፍ ረከስ ያለ አባያና ሱሪ ይገኛል። በጭንቀት ሰዓት የተገዛ አባያ ብዙ ጊዜ ርዝመቱ አይሆንም። መሬት የሚጠርግ ከሆነ ደረጃ ላይ ያደናቅፋል፤ ወገብ ላይ ከውስጥ በቀበቶ ሰብስበው ያሳጥሩት።

የኢትዮጵያ ኤምባሲና ቆንስላ ስሄድስ?

ሪያድና አቡዳቢ፣ ኩዌትና ዶሃ ኤምባሲ፣ ጅዳና ዱባይ ቆንስላ አለ። ግቢው የኛ ቢሆንም መንገዱ፣ ታክሲውና በሩ ፊት ያለው ሰልፍ የአገሩ ስለሆነ እንደ አገሩ ይልበሱ። ፓስፖርት ለማሳደስ ከሆነ ደግሞ ስለ ፎቶና ስለ አሻራ ከላይ የተባለው ሁሉ እዚህም ይሠራል፤ ጠቆር ያለ ልብስ ይልበሱ፣ ነጠላውን ቦርሳ ውስጥ ያስገቡ፣ እጅዎን ታጥበው አድርቀው ይቅረቡ።